ሙቀት መውጫ ሲያጣ፦ በቱቦና በትራንኪንግ ውስጥ ስለሚያልፉ ሽቦዎች ሕግ

በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ወይም የሚሠራ ሰው ከግድግዳው በስተጀርባና ከኮርኒሱ በላይ ተዘርግቶ ሌትና ቀን የሚያገለግለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያስታውሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ መብራት የጠፋ ዕለት ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ያ ከዓይን የተሰወረ ሽቦ ኮረንቲ ባለፈበት ሰዓት ሁሉ እየሞቀ፣ ሙቀቱንም በዙሪያው ላለው አየርና ለተኛበት ዕቃ እያስረከበ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ደኅንነቱ የሚወሰነው በራሱ ውፍረትና ጥራት ብቻ ሳይሆን በማደሪያው ስፋትና በጎረቤቶቹ ብዛት ጭምር ነው። ከዚህም የተነሣ መዳቡ አንድ፣ ልባሱ አንድ፣ ውፍረቱም አንድ የሆነ ሽቦ በአንዱ ስፍራ 20 አምፔር ያለ ሥጋት ሲሸከም፣ በሌላው ስፍራ ከ12 አምፔር በላይ እንዳያልፍበት ይከለከላል። ይህ ልዩነት ለተራው ሰው ግራ የሚያጋባ፣ ለአንዳንዱ ባለሙያም ያለ በቂ ምክንያት የተደነገገ የሚመስል ቢሆንም፣ አመጣጡን ለመረመረ ግን ከሕገ ተፈጥሮ የተቀዳና በሚዛን የተሰፈረ ሥርዓት ሆኖ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ በቱቦና በትራንኪንግ ለሚያልፉ ሽቦዎች ያወጣውን የዐቅም ቅነሳ ሥርዓት ምክንያቱን ከነውጤቱ ለአንባቢ መግለጽ ነው።

ኮዱ መጀመሪያ የታተመው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። ኤዲሰን በኒው ዮርክ ከተማ በፐርል ጎዳና ላይ የማመንጫ ጣቢያውን ሥራ ያስጀመረው በ1882 ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ኤሌክትሪክ ወደ ሱቁ፣ ወደ ፋብሪካውና ወደ መኖሪያ ቤቱ በፍጥነት ሲገባ እሳትም አብሮት ይገባ ስለ ነበረ፣ የኢንሹራንስ ሰዎች፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች በየፊናቸው የተጻፉትን ልዩ ልዩ ደንቦች ወደ አንድ ለማምጣት ተባብረው ሠሩ። ከ1911 ጀምሮ ኮዱን የሚያሳትመው ብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበር ሲሆን፣ መጽሐፉ በየሦስት ዓመቱ እየታረመና እየታደሰ ይወጣል። በራሱ የማስገደድ ሥልጣን የለውም፤ ሕግ የሚሆነው ግዛቱ ወይም ከተማው ተቀብሎ ሲያጸድቀው ነው። ዓላማውን በመግቢያው ሲገልጥም ሰውንና ንብረትን ከኤሌክትሪክ አጠቃቀም ከሚመጣ አደጋ መጠበቅ መሆኑን ይናገራል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በዳላስና በአትላንታ ቤት የገዙ፣ ምግብ ቤትም የከፈቱ ወገኖቻችን ከዚህ መጽሐፍ ጋር የሚተዋወቁት፣ ሳያነቡትም ቢሆን፣ የከተማው ተቆጣጣሪ መጥቶ ሥራውን ያጸደቀላቸው ወይም የከለከለባቸው ቀን ነው።

ነገራችን ስለ ሁለት ዓይነት የሽቦ ማደሪያዎች ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ባለሙያዎች ኮንዲዩት የሚሉት ክብ ቱቦ ነው፤ ከብረት ወይም ከፒቪሲ ይሠራል፣ በግድግዳ ውስጥ ይቀበራል ወይም ከላይ ይታሰራል፣ ሽቦውም የሚገባው ከአንዱ ጫፍ ተልኮ በሌላው ጫፍ በመሳብ ነው። ሁለተኛው ትራንኪንግ የሚባለው ሲሆን፣ ባለ አራት ማዕዘን ረጅም የቆርቆሮ ሣጥን ሆኖ በማጠፊያ የሚከፈት ወይም የሚነሣ ክዳን አለው፤ ሣጥኑ መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር ተገጣጥሞ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ክዳኑ ተከፍቶ ሽቦው ሳይሳብ በእጅ ይጋደማል። በፋብሪካዎች፣ በማሽን ክፍሎች፣ በትልልቅ ሕንፃዎችም የማከፋፈያ ቦርዶች አጠገብ ብዙ መስመሮች ተሰብስበው የሚያልፉት በዚህ ዓይነት ማደሪያ ነው። ቱቦው ጠባብና ድፍን፣ ትራንኪንጉ ግን ሰፊና የሚከፈት መሆኑን አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ የሕጉ ልዩነት ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ነውና።

እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ጁል በ1841 እንዳስረዳው፣ ኮረንቲ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ የሚወለደው ሙቀት የሚያድገው በኮረንቲው ልክ ሳይሆን በኮረንቲው ካሬ ልክ ነው፤ ኮረንቲው እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ወደ ግማሽ ቢወርድም ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ነገሩን በቁጥር ለማየት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 12 ቁጥር የሚባለውን፣ 3.3 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል መዳብ ያለውን ተራ የቤት ሽቦ እንውሰድ። በዚህ ሽቦ 20 አምፔር ሲያልፍ በያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ወደ 2.6 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይወለዳል። ይህ ለብቻው ሲታይ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሦስት ሽቦዎች በአንድ ቱቦ ሲያልፉ ግን ወደ 8 ዋት፣ ዘጠኝ ሲሆኑም ከ23 ዋት በላይ ይደርሳል፤ ያም ሁሉ ከጣት እምብዛም በማይወፍር ቱቦ ውስጥ ተወልዶ፣ በቱቦው ግድግዳ በኩል ካልሆነ በቀር ሌላ መውጫ የለውም። በቆላ አገር በጠባብ ጎጆ ሦስት ሰዎች ሲያድሩ ሌሊቱን በደኅና ሊያሳልፉ ይችሉ ይሆናል፤ በዚያችው ጎጆ ዘጠኝ ሰዎች ቢታጨቁ ግን ማንም ከወትሮው የበለጠ ሙቀት ሳያመነጭ ሁሉም በላብ ይጠመቃሉ፣ ከሁሉም ይልቅ የሚጨነቀው ከግድግዳ ርቆ በመካከል የተኛው ነው። በቱቦም ውስጥ እንዲሁ፣ በመካከል ያለው ሽቦ ሙቀቱን የሚያስረክበው ራሳቸው ለሞቁት ጎረቤቶቹ ስለ ሆነ፣ መጀመሪያ የሚጎዳው እርሱ ነው።

የሚጎዳውም መዳቡ ሳይሆን ልባሱ ነው። በአሜሪካ ሕንፃዎች በብዛት የሚገኘው የፕላስቲክ ልባስ በደረቅ ስፍራ እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዲታገሥ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከዚያ ባለፈ ሙቀት ዘወትር ሲኖር ግን ቀስ በቀስ እየደረቀ፣ እየተሰነጠቀና ኃይሉን እያጣ ይሄዳል። መሐንዲሶች ዘንድ በልማድ የጸናው ግምት፣ የሙቀቱ መጠን ወደ ዐሥር ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የልባሱ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል የሚል ነው። ጥፋቱ በአንድ ቀን የሚገለጥ አይደለም፤ ሥራው በተመረቀበት ዓመት ሁሉም ነገር ያማረ ሆኖ ይታያል፣ ባለቤቱም ተደስቶ ሒሳቡን ይከፍላል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን የተሰነጠቀው ልባስ መዳብን ከመዳብ ወይም ከቱቦው ብረት ጋር ያገናኛል።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ ብሬከር የተሠራው ለዚህ አይደለምን ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም የጠቅላላው ነገር ፍሬ ነው። ብሬከር የሚመለከተው በራሱ መስመር የሚያልፈውን የኮረንቲ መጠን እንጂ፣ ሽቦው ከቦርዱ ወጥቶ በሄደበት ርቆ ባለ ስፍራ ከማን ጋር ተጨናንቆ እንደሚሄድ አይደለም። በአንድ ባለ 1 ኢንች ቱቦ ውስጥ ኮረንቲ የሚሸከሙ ዐሥራ ስምንት 12 ቁጥር ሽቦዎች ቢገቡና እያንዳንዱ መስመር በባለ 20 አምፔር ብሬከር ተጠብቆ 20 አምፔር ቢሸከም፣ ከብሬከሮቹ አንዱ እንኳ አይወርድም፤ በየራሱ ዘንድ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ነውና። በአንድነት ግን ሽቦዎቹ ከተገቢው በላይ ይሞቃሉ። ስለዚህ ብሬከሩ ሊያየው የማይችለውን አደጋ የሚጠብቀው በወረቀት ላይ የተጻፈው የቅነሳ ሠንጠረዥና ሠንጠረዡን የሚያከብረው የባለሙያው ኅሊና ብቻ ነው።

ሠንጠረዡ የሚገኘው በኮዱ አንቀጽ 310 ውስጥ ነው። መነሻው በአንድ ማደሪያ ውስጥ ኮረንቲ የሚሸከሙ ሽቦዎች ከሦስት የማይበልጡ፣ የአካባቢው ሙቀትም 30 ዲግሪ የሆነበት ሁኔታ ነው። በዚህ መነሻ 12 ቁጥር የመዳብ ሽቦ እንደ ልባሱ ዓይነት በ60 ዲግሪ 20 አምፔር፣ በ75 ዲግሪ 25 አምፔር፣ በ90 ዲግሪ ደግሞ 30 አምፔር እንዲሸከም ይፈቀድለታል። እነዚህ ቁጥሮች በግምት የተጻፉ አይደሉም፤ ሳሙኤል ሮሽ የተባለው መሐንዲስ በ1938 ባሳተመው ጥናት ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ በ1957ም ኔኸርና ማግራዝ የተባሉት ሁለት መሐንዲሶች የገመድን ሙቀት በስሌት የሚያገኙበትን፣ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ዘዴ ጽፈዋል። ሽቦዎቹ ከሦስት ሲበልጡ ሠንጠረዡ እንዲህ ይቀንሳል፦ ከ4 እስከ 6 ሲሆኑ ዐቅማቸው ወደ 80 በመቶ፣ ከ7 እስከ 9 ወደ 70፣ ከ10 እስከ 20 ወደ 50፣ ከ21 እስከ 30 ወደ 45፣ ከ31 እስከ 40 ወደ 40፣ ከ41 ጀምሮ ደግሞ ወደ 35 በመቶ ይወርዳል። ስለ ሙቀት ካሬ የተናገርነውን ያስተዋለ ሰው፣ ዐቅም ወደ 70 በመቶ ሲወርድ የያንዳንዱ ሽቦ ሙቀት ወደ 49 በመቶ፣ ወደ 50 ሲወርድም ወደ 25 በመቶ እንደሚወርድ ይረዳል።

ባለሙያዎች በቃላቸው የሚይዙት አንድ ምሳሌ ሕጉን ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ቀጭን ግድግዳ ባለው ባለ ግማሽ ኢንች የብረት ቱቦ ውስጥ፣ ሽቦው ከቱቦው ባዶ ስፋት 40 በመቶውን ብቻ እንዲይዝ በሚያዝዘው ሌላ ድንጋጌ መሠረት፣ ዘጠኝ 12 ቁጥር ሽቦዎች ይገባሉ። ዘጠኙም ኮረንቲ የሚሸከሙ ቢሆኑ፣ የ90 ዲግሪው 30 አምፔር በ70 በመቶ ተባዝቶ 21 አምፔር ይሰጣል። ኮዱ ደግሞ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ 12 ቁጥር ሽቦ ከ20 አምፔር በላይ በሆነ ብሬከር እንዳይጠበቅ ስለሚያዝዝ፣ የተለመደው ባለ 20 አምፔር መስመር ሳይነካ ይኖራል። ወደ ሰፋ ቱቦ ተዛውረን ዐሥረኛውን ሽቦ ብንጨምር ግን ቅነሳው ወደ 50 በመቶ ይወርድና ዐቅሙ 15 አምፔር ብቻ ይሆናል። ባለ 1 ኢንች ቱቦ በስፋቱ ሃያ ስድስት እንዲህ ያሉ ሽቦዎችን ይቀበላል፤ ቦታ መኖሩ ግን ዐቅም መኖሩን አያስከትልም። ብዙ ስሕተት የሚፈጸመው ሽቦው በቱቦው መግባቱን ብቻ አይተው፣ የገባው ሁሉ የተፈቀደ በሚመስላቸው ሰዎች ነው።

የሚቆጠረውና የማይቆጠረው ሽቦ የትኛው ነው? የመሬት ሽቦ በደኅናው ጊዜ ኮረንቲ ስለማይሸከም አይቆጠርም። ኒውትራል የሚባለው ሽቦ ከሌሎቹ ፌዞች የተረፈውን ልዩነት ብቻ የሚመልስ ሲሆን አይቆጠርም፤ በተራ ሁለት ሽቦ መስመር ግን ፌዙ የወሰደውን ሁሉ መልሶ ስለሚያመጣ ይቆጠራል። ኮምፒዩተሮችና ሌሎች የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች በበዙበት ባለ ሦስት ፌዝ ሕንፃም፣ የነዚህ ዕቃዎች ኮረንቲ በኒውትራል ላይ እርስ በርሱ ከመጣፋት ይልቅ ስለሚደመር፣ ኮዱ ኒውትራሉን እንደ ፌዝ አድርጎ ይቆጥረዋል። በአንድ ጊዜ ሊሠሩ ከማይችሉ ዕቃዎች ጋር የተያያዙ ሽቦዎች ከቁጥሩ ይወጣሉ፤ ለወደፊት ተብሎ የተጨመረ ትርፍ ሽቦ ግን ዛሬ ባዶ ቢሆንም ነገ ሥራ ላይ መዋሉ ስለማይቀር ከሚቆጠሩት ጋር ይደመራል። በዚህ ሁሉ ሕጉ የሚጠይቀው የሽቦን ብዛት ሳይሆን የሙቀት ምንጮችን ብዛት መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ትራንኪንግ እንምጣ። አንቀጽ 376 ስለ ብረት ትራንኪንግ ሲናገር ሁለት ነገር ያዝዛል፦ አንደኛ፣ በማናቸውም የሣጥኑ ክፍል የሚገኙት ሽቦዎች ስፋት ተደምሮ ከሣጥኑ የውስጥ ስፋት 20 በመቶውን እንዳያልፍ፤ ሁለተኛ፣ የቅነሳው ሠንጠረዥ ሥራ ላይ የሚውለው በአንድ ስፍራ ኮረንቲ የሚሸከሙ ሽቦዎች ከ30 ሲበልጡ ብቻ እንዲሆን። በቱቦ ውስጥ አራተኛው ሽቦ ሲገባ የሚጀምረው ቅነሳ በብረት ትራንኪንግ ውስጥ እስከ ሠላሳኛው ድረስ አይጀምርም ማለት ነው። በሞተርና በስታርተሩ መካከል ሆነው ለማስነሣት ብቻ የሚያገለግሉ የመቆጣጠሪያ ሽቦዎችና የምልክት ሽቦዎችም ወደ ቁጥሩ አይገቡም። ክዳኑ የሚከፈት በመሆኑ፣ ሽቦዎቹ ከነመጋጠሚያቸው ከስፋቱ 75 በመቶውን እስካላለፉ ድረስ፣ በውስጡ ሽቦን ከሽቦ ማያያዝም ተፈቅዷል።

ለትራንኪንጉ ይህ ሰፊ ምሕረት ለምን ተደረገ? መልሱ በስፋቱ ውስጥ ይገኛል። እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትራንኪንግ 10,000 ካሬ ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት አለው። አንድ 12 ቁጥር ሽቦ ከነልባሱ 8.6 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚይዝ፣ ሠላሳዎቹ በአንድነት የሚይዙት ወደ 257 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከሣጥኑ ከመቶ ሦስት እጅ ያነሰውን ነው። የቀረው ሁሉ አየር ነው፤ አየሩም በሽቦዎቹ መካከል ይዘዋወራል፣ ሙቀቱን ተቀብሎ ሰፊ ለሆነው የቆርቆሮ ግድግዳ ያስረክባል፣ ቆርቆሮውም ወደ ውጭ ያወጣዋል። በቱቦ ውስጥ ግን ሽቦው እስከ 40 በመቶ ድረስ እንዲሞላ ስለ ተፈቀደ፣ አየሩ ጥቂት፣ ግድግዳውም ጠባብ ነው። ሕጉ ለትራንኪንጉ ነፃነት ሲሰጥ በምትኩ ባዶ ስፍራን ጠይቋል፤ ነፃነቱን ወስዶ ባዶውን ስፍራ የነፈገ ባለሙያ የሕጉን ግማሽ እንጂ ሕጉን አልፈጸመም።

ሁለቱ ወሰኖች፣ የ20 በመቶውና የሠላሳው፣ አንዱ የሌላው ድግግሞሽ የሚመስለው ሰው ቢኖር የሚከተለውን ይመልከት። በዚያው ትራንኪንግ የ20 በመቶው ወሰን፣ ማለትም 2,000 ካሬ ሚሊ ሜትሩ፣ ለ12 ቁጥር ሽቦ ብቻውን ቢተው ከሁለት መቶ ሠላሳ በላይ ሽቦዎችን ያስገባ ነበር፤ ከሠላሳው በላይ ያሉት ግን ሁሉንም ወደ ቅነሳው ይጥሏቸዋል። በሌላ በኩል መዳቡ 250 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ወፍራም ገመድ ከነልባሱ 456 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሚይዝ፣ በ20 በመቶው ወሰን የሚገቡት አራት ብቻ ናቸው፤ ሠላሳው እዚህ ከቶ አይታሰብም። ስለዚህ ለቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ጠባቂው ቁጥሩ፣ ለወፋፍራሞቹ ገመዶች ደግሞ ጠባቂው ስፋቱ ነው፤ አንዱ ወሰን ብቻ ቢኖር ኖሮ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ያለ ጠባቂ ይቀር ነበር።

የሠላሳው ወሰን ከታለፈ ውጤቱ ከባድ ነው። ሠላሳ አንደኛው ሽቦ የገባ ዕለት ቅነሳው የሚነካው እርሱን ብቻ አይደለም፤ ሠላሳ አንዱም በአንድነት ወደ 40 በመቶ ይወርዳሉ፣ የ12 ቁጥር ሽቦ ዐቅምም ከ30 አምፔር ወደ 12 አምፔር ይቀንሳል። በተፈጥሮ ዘንድ ከሠላሳ ወደ ሠላሳ አንድ ሲታለፍ ድንገት የሚገነፍል ሙቀት የለም፤ ሙቀት የሚያድገው ቀስ በቀስ ነው። ሕግ ግን ለሚሠራው እጅና ለሚመረምረው ዓይን የማያሻማ ወሰን ማቆም ግዴታው ስለ ሆነ፣ አንድ ቁጥር መርጦ ከዚህ ወዲያ ብሏል። ስለዚህ ብልህ ባለሙያ ሠላሳ አንደኛውን ሽቦ ከማስገባቱ በፊት ሁለተኛ ትራንኪንግ ይዘረጋል፣ ወይም ሽቦዎቹን ያወፍራል፤ ቢያንስ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ለሚመጣው መስመር አስቀድሞ ስፍራ ይተዋል። አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው በመጀመሪያው ሥራ ሳይሆን፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ ክዳኑን ከፍቶ፣ የነበረውን ሳይቆጥር፣ አንድ መስመር ብቻ ልጨምር በሚል ሰው እጅ ነው።

ይህ ምሕረት ለሁሉም ማደሪያ የተሰጠ አይደለም። ስለ ፕላስቲክ ትራንኪንግ የሚናገረው አንቀጽ 378 የ20 በመቶውን ወሰን እንደ ብረቱ ሲያዝዝ፣ የሠላሳውን ነፃነት ግን አልሰጠም፤ በፕላስቲክ ትራንኪንግ ውስጥ ቅነሳው እንደ ቱቦው ከአራተኛው ሽቦ ይጀምራል። ፕላስቲክ ሙቀትን እንደ ብረት አያስተላልፍምና፣ ቅርጹ አንድ ቢሆንም ባሕርዩ ሌላ ነው። በአንጻሩ ሁለት ሣጥኖችን የምታገናኝ፣ ርዝመቷ ከ60 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ አጭር ቱቦ፣ ሙቀቷን በሁለቱ ጫፎች ልታወጣ ስለምትችል፣ እስከ 60 በመቶ ድረስ ብትሞላም ከቅነሳው ነፃ ናት። በእንጨት በተሠሩት የአሜሪካ መኖሪያ ቤቶች እንደሚደረገው፣ የቤት ኬብሎች ከ60 ሳንቲ ሜትር ለሚበልጥ ርቀት ያለ ክፍተት አንድ ላይ ሲታሰሩ ደግሞ፣ ቱቦ ሳይኖርም ቅነሳው ይደርስባቸዋል።

አንድ ሽቦ በጉዞው በሁለቱም ማደሪያ ሊያልፍ ይችላል፤ እንዲያውም የተለመደው ይኸው ነው። በትራንኪንጉ ውስጥ ከሃያ ዘጠኝ ባልንጀሮቹ ጋር ያለ ቅነሳ የተጓዘ ሽቦ፣ ከትራንኪንጉ ወጥቶ ከሌሎች ዘጠኝ ጋር ወደ አንድ ቱቦ ሲገባ ዐቅሙ ወደ ግማሽ ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን የጠቅላላው መስመር ዐቅም የሚለካው በዝቅተኛው ክፍል ነው፤ ይህም ጠባቡ ክፍል ከ3 ሜትር ወይም ከመስመሩ ርዝመት ከዐሥር አንድ እጅ፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ ካልበለጠ በቀር ነው። ትራንኪንጉን ሰፊ አድርጎ ሠርቶ መውጫውን በአንድ ጠባብ ቱቦ የዘጋ ሰው ድካሙን በከንቱ ያስቀራል።

ከጎረቤት ሙቀት ሌላ የአየሩም ሙቀት አለ። ሠንጠረዡ የተጻፈው ለ30 ዲግሪ ስለ ሆነ፣ በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ እንደሚሆነው በበጋ አየሩ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሌላ ቅነሳ ይጨመራል። ከ41 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት የ90 ዲግሪ ልባስ ያለው ሽቦ ዐቅሙ በ0.87 ይባዛል። ከላይ ያየናቸው ዘጠኝ ሽቦዎች በእንዲህ ያለ ስፍራ ቢያልፉ፣ 30 በ0.87፣ ከዚያም በ0.70 ተባዝቶ 18 አምፔር ያህል ብቻ ይቀራል፤ ቀድሞ የበቃው 21 አምፔር አሁን አይገኝም። ሁለቱ ቅነሳዎች ይባዛሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ይህ ሁሉ ለአሜሪካ ብቻ የተጻፈ ቢመስልም፣ ሥሩ ያለው በሙቀት ባሕርይ ውስጥ ነውና ሌሎች ሊቃውንትም በሌላ መንገድ መጥተው እዚያው ደርሰዋል። በ1906 የተቋቋመውና መንበሩ በጄኔቫ የሆነው ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ባወጣው ደረጃ የሚቆጠረው ነጠላ ሽቦ ሳይሆን ሙሉ መስመር ነው፤ ሁለት መስመሮች በአንድነት ሲሄዱ ዐቅማቸው ወደ 80፣ ሦስት ሲሆኑ ወደ 70፣ ዘጠኝ ሲሆኑም ወደ 50 በመቶ ይወርዳል። ሁለት ባለ ሦስት ፌዝ መስመሮች ስድስት ሽቦ፣ ሦስቱም ዘጠኝ ሽቦ መሆናቸውን ያሰላ ሰው፣ ሁለቱ ሠንጠረዦች እዚህ ላይ በትክክል እንደሚገናኙ ያያል። በአገራችን መብራቱ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ የሽቦው ውፍረትም የሚነገረው በካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የአሜሪካውን ቁጥር እንዳለ ወስዶ በአዲስ አበባ ወይም በድሬዳዋ ሕንፃ ላይ መጫን አይገባም። ሽቦውን በብሎኬት ግድግዳ ውስጥ በተቀበረ የፒቪሲ ቱቦ የሚስበው ባለሙያችን ግን፣ በቱቦዋ ስንት መስመር ያልፋል፣ ሙቀቷስ በየት ይወጣል የሚለውን ጥያቄ ከአሜሪካዊው ባልንጀራው ባላነሰ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ መዳብ በሁሉም አገር አንድ ነውና።

ቤት የሚያሠራ ወይም ሱቅ የሚያስፋፋ አንባቢ ሠንጠረዡን በቃሉ እንዲይዝ አይጠበቅበትም። ነገር ግን ለሚቀጥረው ባለሙያ ጥቂት ጥያቄዎችን ማቅረብ መብቱም ግዴታውም ነው፦ በዚህ ቱቦ ኮረንቲ የሚሸከሙ ሽቦዎች ስንት ናቸው? ቅነሳው ተሰልቷል ወይ? ትራንኪንጉ ብረት ነው ወይስ ፕላስቲክ? ለወደፊቱ የተተወ ስፍራ አለው ወይ? በሥዕሉ ላይስ ተጽፎ ይገኛል ወይ? ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ እነዚህን ጥያቄዎች በደስታ ይመልሳል፤ በቁጣ የሚመልስ ከሆነ ግን ሌላ ባለሙያ መፈለግ ይሻላል። አንድ ቱቦ ወይም አንድ ትራንኪንግ ተጨማሪ ለመዘርጋት የሚወጣው ገንዘብ በግንባታው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ግድግዳው ከተለሰነና ኮርኒሱ ከተዘጋ በኋላ ግን ያንኑ ስሕተት ለማረም የሚወጣው ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ እሳት የወሰደውን ነፍስ ግን በማናቸውም ዋጋ መልሶ መግዛት አይቻልም። የሽቦ ሕግ የተጻፈው ባለሙያን ለማስጨነቅ አይደለም፤ ማንም ሊያየው በማይችልበት ስፍራ፣ ማንም ሳያስበው የሚከማቸውን ሙቀት አስቀድሞ ለመቁጠር ነው፤ ያንን ቁጥር በታማኝነት የሚቆጥር እጅም በዚያ ቤት ለሚያድሩት ሁሉ ታላቅ ባለውለታ ነው።